ስለ ዣን ሩሽ ፊልሞችና ስለ ባለጉዳዮቹ ፍርድ

የሕዝብን ልማድና እምነት የሚያጠና ሊቅ መጽሐፍ በጻፈ ጊዜ፣ የተጻፈለት ሕዝብ አብዛኛውን ጊዜ አያነበውም። ቋንቋው የባዕድ ነው፤ ማተሚያ ቤቱም ሩቅ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ቢሳሳት የሚያርመው ሌላ ሊቅ እንጂ ባለጉዳዩ አይደለም። ፊልም ግን ፊደል ላልቆጠረውም ይታያል። ይህን ልዩነት ተገንዝበው የኤትኖሎጂን አሠራር በዚሁ ላይ ለማቆም ከደከሙት መካከል ዋነኛው ፈረንሳዊው የፊልም አዘጋጅ ዣን ሩሽ ነው። ሥራው በብዙ ወገን ተመስግኗል፤ በብዙ ወገንም ተነቅፏል። እዚህ የሚመረመረው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ፊልሞቹ ለባለጉዳዮቹ የሰጡት የመፍረድ ሥልጣን ምን ያህል እውነተኛ እንደ ነበረ ነው። ዘመናቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሩሽ በ1917 ዓ.ም. በፓሪስ ተወለደ። አባቱ የባሕር ኃይል መኰንንና የአየር ጠባይ ተመራማሪ ነበር። እርሱ ግን የመንገድና የድልድይ ምህንድስና ተምሮ፣ በ1941 ዓ.ም. መንገድ ለማሠራት በዚያን ጊዜ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ወደ ነበረችው ወደ ኒጀር ሄደ። በማግሥቱ ዓመት መብረቅ ወድቆ ከሠራተኞቹ አሥሩን ገደለ። ዶንጎ የተባለውን የነጐድጓድ መንፈስ ለማብረድ የተደረገውን ሥርዓት የመራችው፣ ዳሙሬ ዚካ የተባለው ወጣት ሠራተኛ አያት ነበረች። መሐንዲሱ ወደ ኤትኖሎጂ የገባው በዚህ በር ነው። ዳሙሬም ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልኩን የሥራ ጓደኛው ሆነ፤ በብዙ ፊልሞቹም ውስጥ ተጫወተ።

በትምህርቱ በኩል የሩሽ መሪ ማርሴል ግሪዮል ነበር። ግሪዮል ለኢትዮጵያ ጥናት እንግዳ አይደለም፤ በ1928 እና በ1929 ዓ.ም. በጎጃም ቆይቷል፤ በ1932 ዓ.ም. ደግሞ ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘውን የጥናት ጓድ መርቶ ጎንደር ገብቷል። በዚያው ጉዞ ሚሸል ሌሪስ በአባ ዠሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት የጎንደርን ባለ ዛሮች አጥንቶ፣ በ1958 ዓ.ም. መጽሐፍ አውጥቷል። ሩሽ በሶንጋይ ሕዝብ መካከል ያጠናውም በመንፈስ መያዝን ነው። በጎንደር ዛር የሰፈረበት ሰው የዛሩ ፈረስ እንደሚባል ሁሉ፣ በሶንጋይም መንፈስ የወረደበት ሰው በቋንቋቸው ፈረስ ይባላል። ስለዚህ የሩሽ ሥራ ከኢትዮጵያ ጥናት ጋር በመምህርም በነገርም የሚዛመድ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1946 እና በ1947 ዓ.ም. ሩሽ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በታንኳ የኒጀርን ወንዝ ወረደ። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛውን ካሜራ ይዞ ነበር። የካሜራው መቆሚያ በጉዞው ላይ ስለ ጠፋ በእጁ ይዞ ለማንሣት ተገደደ፤ ካሜራው በእጅ የሚጠመዘዝ በመሆኑም በአንድ ጊዜ ከ25 ሴኮንድ የበለጠ አያነሣም ነበር። ችግር ያስተማረው ይህ አሠራር በኋላ የታወቀበት ስልት ሆነ፤ ቆሞ ከሩቅ ማየትን ትቶ ከሰዎቹ ጋር እየተራመደ ማንሣትን ለመደ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን በአዮሩ መንደር የሆነው ነገር ነው። ሩሽ በ1951 ዓ.ም. የጉማሬ አደን አንሥቶ ነበር። ፊልሙን ኋላ ወስዶ ለአዳኞቹ ለራሳቸው ቢያሳያቸው፣ የአዳኞች ዜማ በአደኑ ላይ በመግባቱ ነቀፉት። አዳኝ ጉማሬ ሲያድን ጸጥ ይላል፤ ዜማ ቢሰማ አውሬው ይሸሻል አሉት። ሩሽም ዜማውን አወጣው። አስተያየቱ የቀላል ዕውቀት አይደለም። ፓሪስ ላይ ፊልሙን ያዩ ሊቃውንት ሊያገኙት ያልቻሉትን ስሕተት ያገኙት፣ አደኑን የሚያውቁት ናቸው። ሩሽ «የጋራ አንትሮፖሎጂ» ያለው ሐሳብ መሠረቱ ይህ ነው።

ነገር ግን ሐሳቡ በሥራው ሁሉ እኩል አልተፈጸመም። በ1954 ዓ.ም. በአክራ የተነሣው «እብዶቹ ጌቶች» የተባለው ፊልም ለዚህ ምስክር ነው። ከኒጀር ወደዚያ ወርደው በጉልበት ሥራ የሚኖሩ ሰዎች፣ ሃውካ የሚባሉ መናፍስት ይወርዱባቸዋል። መናፍስቱ ገዥ፣ ጄኔራል፣ ባቡር ነጂና የመሳሰሉ ናቸው፤ ቅኝ ገዥውን በሥጋቸው ላይ አምጥተው ያሳያሉ። በሥርዓቱ ላይ ውሻ ይታረዳል፤ ይበላልም። በገዥው ምስል ራስ ላይ ዕንቁላል ይሰበራል፤ ፊልሙም ወዲያው ወደ እውነተኛው የእንግሊዝ ገዥ ባለ ላባ ባርኔጣ ይዞራል። ሥርዓቱ እንዲነሣ የጠየቁት የሃውካ መሪዎች ራሳቸው ናቸው።

ፊልሙ በፓሪስ በሰው ልጅ ቤተ መዘክር በታየ ጊዜ ግሪዮል እንዲጠፋ ጠየቀ። ካዩት አፍሪቃውያንም ብዙዎች ተቈጡ፤ ነጩ ሰው ስለ አፍሪቃ ያለውን የአረመኔነት ሐሜት ያጠነክራል ብለው ፈሩ። የእንግሊዝ ባለሥልጣኖች ደግሞ ገዥውን የሚያዋርድ ነው ብለው በጎልድ ኮስት ከለከሉት። በ1957 ዓ.ም. ግን በቬኒስ ተሸለመ።

የአፍሪቃውያኑ ቅሬታ በጎ መሠረት ነበረው፤ ጥፋቱ ግን ከደሙና ከአረፋው ይልቅ በትረካው ላይ ነው። በጎንደር ዛሩ ስሙንና ማዕረጉን የሚያስታውቀው በራሱ ፉከራ ነው፤ ሌሪስም ዘፈኑንና ቃሉን በአስተርጓሚው እጅ እየጻፈ ለመያዝ ደክሟል። በ«እብዶቹ ጌቶች» ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሰማው በፈረንሳይኛ የሚተርከው የሩሽ ድምፅ ነው። በመጨረሻም ሰዎቹ በማግሥቱ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ፊት ጉድጓድ ሲቈፍሩ ይታያሉ፤ ተራኪውም እነዚህ ሰዎች ለአእምሮ ሕመም እኛ ያላወቅነውን መድኃኒት አግኝተው ይሆን ሲል ይጠይቃል። የቅኝ ግዛትን ሥልጣን በግልጽ የሚያሳይ ሥርዓት በዚህ ቃል ወደ ሕክምና ዝቅ አለ። የአዮሩ አዳኞች ዜማውን እንዳስወጡ፣ ይህን ቃል የሚያስወጣ ባለጉዳይ በፊልሙ ላይ አልተገኘም።

ሩሽ ጉድለቱን ያወቀው ይመስላል። በ1958 ዓ.ም. በወጣው «እኔ ጥቁሩ» በተባለው ፊልም ትረካውን ለባለጉዳዩ ለቀቀ። ኡማሩ ጋንዳ በፈረንሳይ ጦር ውስጥ በኢንዶቺን የዘመተና በአቢጃን ከተማ በትሬሽቪል ሰፈር በቀን ሥራ የሚኖር የኒጀር ተወላጅ ነበር። በፊልሙ ውስጥ የአሜሪካዊውን ተዋናይ የኤድዋርድ ሮቢንሰንን ስም ይዞ ይጫወታል፤ የተነሣውንም እየተመለከተ ከልቡ ያመነጨውን ተናገረ። ድህነቱን፣ ምኞቱንና ቍጭቱን የሚሰማ ሰው ከዚያ በፊት በነበሩት ፊልሞች ያልተገኘ ነገር ያገኛል። በ1960 ዓ.ም. ከኤድጋር ሞረን ጋር የተነሣው «የአንድ በጋ ዜና መዋዕል» ደግሞ ይህንኑ አሠራር ወደ ፓሪስ ሰዎች አዞረው፤ በመጨረሻውም የተነሡት ሰዎች ፊልሙን አይተው እርስ በርሳቸው ሲከራከሩ፣ አንዱ ሐሰት ነው ሲል ሌላው ኀፍረት የሌለው ነው ሲል ይታያል። ፍርዱ ራሱ የፊልሙ ክፍል ሆነ።

ሆኖም ቅንብሩ ምንጊዜም በሩሽ እጅ ነበር። በ1965 ዓ.ም. ሴኔጋላዊው ደራሲና የፊልም አዘጋጅ ሴምቤን ኡስማን ፊት ለፊት ተከራክሮት፣ አፍሪቃውያንን ሰው ትናንሽ ነፍሳትን እንደሚመለከት ትመለከታላችሁ ሲል ወቀሰው። በዚያው ክርክር ግን «እኔ ጥቁሩ»ን ለይቶ አመሰገነ፤ አፍሪቃዊ ሊሠራው ይችል የነበረ፣ ነገር ግን በዚያን ጊዜ የሚያሠራ ዕድል ያላገኘበት ሥራ ነው አለ። በዚህ ቃል ውስጥ የሩሽ ምስጋናም ወሰንም አብረው ይገኛሉ።

ከሁሉ የጠነከረውን ፍርድ የሰጠው ጋንዳ ነው። በሌላ ሰው ፊልም ውስጥ መናገር ስላልበቃው ካሜራውን ራሱ ያዘ፤ በ1968 ዓ.ም. ከኢንዶቺን ጦርነት የተመለሰ ወታደርን ታሪክ «ካባስካቦ» ብሎ ሠራ፤ በ1972 ዓ.ም. በዋጋዱጉ የፊልም በዓል የመጀመሪያውን ታላቅ ሽልማት በሌላ ሥራው አገኘ። ተማሪ መምህሩን ትቶ በራሱ መንገድ ሲሄድ መምህሩ ተሸነፈ የሚል አለ። በዚህ ነገር ግን አሠራሩ እስከ ፍጻሜው የደረሰው ያን ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም የአዮሩ አዳኞች የጀመሩት እርማት መጨረሻው ባለጉዳዩ የራሱ ሥራ ጌታ መሆኑ ነውና።

ሩሽ በ2004 ዓ.ም. በ86 ዓመቱ በኒጀር በመኪና አደጋ ሞቶ በኒያሜ ተቀበረ። ከመቶ የሚበልጡ ፊልሞችን ትቷል። የሕዝብን ሥርዓት በካሜራ የሚያጠኑ ሁሉ ከእርሱ የሚወርሱት፣ በእጅ የተያዘውን ካሜራ ብቻ አይደለም። ፊልሙን መልሶ ወደ መንደሩ መውሰድን፣ የተሰማውን ነቀፋ መቀበልን፣ ከዚህም አልፎ እርሱ ያልጨረሰውን፣ ማለት የመጨረሻውን ቃል ለባለጉዳዩ መልቀቅን ነው።