‹መዝቀጥ› ወይስ ‹ማረፍ›? ስለ አንድ የትርጉም ረቂቅ

በትንፋሽ የተሳቡ ራዲዮአክቲቭ ቅንጣቶች በቤተ ሙከራ እንስሳት ሳንባ ውስጥ ስለሚገጥማቸው ሁኔታ የሚያትት አንድ የትርጉም ረቂቅ ለአስተያየት ቀርቦልናል። ተርጓሚው ቋንቋውን የሚያውቅ፣ ዐረፍተ ነገሩም አንባቢን የማያንከራትት መሆኑን በደስታ እንመሰክራለን። ቅር ያሰኘን በእንግሊዝኛ ‹ዲፖዚሽን› የሚባለውን ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ‹መዝቀጥ› ማለቱ ነው።

‹ዘቀጠ› በአማርኛ የሚነገረው በፈሳሽ ውስጥ ያለ ነገር በክብደቱ ወርዶ ከታች ሲረጋ ነው፤ አተላ ከጋን ሥር፣ ደለል ከወንዝ ወለል ይዘቅጣል። ሳንባ ግን ጋን አይደለም። ቅንጣት ከአየር መንገዱ ግድግዳ የሚደርሰው በተለይ በሦስት መንገዶች ነው። ከ5 ማይክሮን የሚበልጠው አየሩ ሲታጠፍ አብሮ መታጠፍ ስለማይሆንለት አብዛኛው ከአፍንጫና ከጉሮሮ ይላተማል። ከ1 እስከ 5 ማይክሮን የሚሆነው በቀጫጭኖቹ ቧንቧዎች አየሩ ሲዘገይ በክብደቱ ይወርዳል። ከግማሽ ማይክሮን የሚያንሰው ደግሞ የአየር ሞለኪውሎች እየገፉት ወዲያ ወዲህ ሲባዝን ግድግዳውን ይነካል። በእውነት የሚዘቅጠው መካከለኛው ነው። ረቂቁ የአንዱን ስም ለሦስቱ ስለ ሰጠ፣ ‹ሴዲሜንቴሽን› ከሚለው ቃል ሲደርስ ስም አጥቶ ‹ዳግም መዝቀጥ› ለማለት ተገዷል፤ አንዱ ቅንጣት ሁለት ጊዜ የሚወርድ ያስመስላል።

የባሰው ግን ሌላ ነው። የዘቀጠ ነገር ካልበጠበጡት ከቦታው አይነሣም። በአየር ቧንቧዎች ላይ ያረፈው ቅንጣት ግን በአክታና በረቂቅ ፀጉሮች ወደ ላይ ተገፍቶ ይዋጣል። ከአየር ከረጢቶች የደረሰውን ባዕድ ነገር የሚውጡ ሴሎች ይይዙታል፤ ከፊሉም ወደ ሊምፍ ዕጢዎች ይሻገራል። ስለዚህ ያረፈው መጠንና የቆየው መጠን ሁለት ቁጥሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኒው ሜክሲኮ አልበከርኪ በላቭሌስ ተቋም፣ እንዲሁም በዋሽንግተን ግዛት በሃንፎርድ፣ ቢግል የሚባሉ ውሾች ፕሉቶኒየም ዳይኦክሳይድ እንዲስቡ ተደርገው ዕድሜ ልካቸውን ሲጠኑ እነዚህ ቁጥሮች ተለይተው ይመዘገቡ ነበር። ይህ በቀላሉ የማይሟሟ ውሕድ ከአይጥ ሳንባ ይልቅ በውሻ ሳንባ እጅግ ይቆያል። ረቂቁ ‹ሪቴንሽን›ንም ‹የዘቀጠው መጠን› ስላለው፣ አንባቢ ውሻው የበለጠ የቆየበት ሳይሆን የበለጠ የሳበ አድርጎ ይረዳል። የጨረራ መጠን የሚያሰላ ባለሙያ ይህን አምኖ ቢነሣ ስሌቱ ከመነሻው ይሳሳታል።

በበኩላችን ለጠቅላላው ‹ማረፍ›፣ ለሦስቱ መንገዶች ‹መላተም›፣ ‹መዝቀጥ› እና ‹መባዘን›፣ ለ‹ሪቴንሽን› ‹መቆየት›፣ ለ‹ክሊራንስ› ‹መጽዳት› እንዲባል እናሳስባለን። ‹ዐረፈ› ሞተ ማለትም ነውና ውሾች በሚሞቱበት ጽሑፍ አያምርም የሚል ተቃውሞ ከመካከላችን ተነሥቷል። ይሁን እንጂ ወፍ ከዛፍ፣ አውሮፕላን ከሜዳ ዐረፈ ሲባል ሞት የሚመጣበት ሰሚ የለም። ‹መባዘን›ን ግን በሙሉ ልብ አናቀርበውም፤ የተሻለ ያለው ቢሰጠን እንቀበላለን።

አንድ ነገር እንጨምር። ረቂቁ የፕሉቶኒየም 239ን 24,100 ዓመትና በሳንባ ያለው መጠን በግማሽ የሚጎድልበትን ጊዜ፣ ሁለቱንም ‹ግማሽ ዕድሜ› ይላቸዋል። የመጀመሪያው የአቶሙ ጠባይ ስለሆነ እንስሳ በተለወጠ ቁጥር አይለወጥም፤ ሁለተኛው ይለወጣል። ‹ግማሽ ዕድሜ› ለአቶሙ ይጽና፤ ለሳንባው ‹የግማሽ መጽጃ ጊዜ› ቢባል ይሻላል።