ወደ ውስጥ የሚጫወት ዜማ

ብሉዝ በሃርሞኒካ መጫወት የሚማር ሰው የትም አገር ይኑር የት፣ ውሎ አድሮ እነዚያው ጥቂት ስሞች ዘንድ መድረሱ አይቀርም፤ ጆን ሊ ዊሊያምሰን፣ የእሱኑ “ሰኒ ቦይ” የሚለውን ስም ይዞ የገነነው ራይስ ሚለር፣ ሊትል ዋልተር፣ ቢግ ዋልተር ሆርተን፣ ሰኒ ቴሪ፣ ጄምስ ኮተን። ከእነዚህ መጨረሻ ያረፈው ኮተን ነው፣ በ2017 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከተቀዱ 70 ዓመት ያለፋቸው ሸክላዎች ዛሬም የተማሪው ቀዳሚ መምህር ናቸው። ለዚህ ሁለት ምክንያት ሲሰጥ ይሰማል፦ አንዱ ትዝታ፣ ሌላው የሰዎቹ ልዩ ተሰጥኦ። ሁለቱም አያረኩኝም። ትዝታ ቢሆን ኖሮ ያን ዘመን ያላዩ፣ የዘፈኖቹን ቋንቋ እንኳ የማይሰሙ ወጣቶች ዘንድ ባልደረሰ ነበር። ተሰጥኦውም እውነት ነው፤ ነገር ግን ተሰጥኦ ብቻውን አድናቂ እንጂ ተማሪ አያፈራም። እኔ የምለው እነዚህ ሰዎች በዋናነት ያወረሱን ዜማ ሳይሆን አተነፋፈስ መሆኑን ነው። አተነፋፈሱ ደግሞ የወጣው ከመሣሪያው አሠራር ስለሆነ፣ መሣሪያው እስካልተለወጠ ድረስ በእነሱ በኩል ሳያልፍ የሚሄድ ተጫዋች አይኖርም።

መሣሪያውን ቀርበን እንየው። ማቲያስ ሆነር በጀርመኗ ትሮሲንገን ሃርሞኒካ መሥራት የጀመረው በ1857 ነው፤ የብሉዝ ተጫዋቾች ለብዙ አሥርት ዓመታት ከእጃቸው ያልለዩት ማሪን ባንድ የተባለው ሞዴል ደግሞ በ1896 ወጣ። መሐሉ እንጨት ነው፤ በላይና በታች ሁለት የናስ ሰሌዳዎች በትናንሽ ምስማር ተመትተውበታል፤ 10 ቀዳዳና 20 ሪድ አለው። ሪድ የሚባለው አየር ሲያገኘው የሚርገበገብ ቀጭን የናስ ምላስ ነው። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ሪድ አለ፤ አንዱ ሲነፉት፣ ሌላው አየር ሲስቡበት ድምፅ ይሰጣል። የሲ ሃርሞኒካን በየትኛውም ቀዳዳ ብትነፉት ከሲ፣ ከኢ እና ከጂ ሌላ አታገኙም፤ ሦስቱ አንድ ላይ የሲ ኮርድ ናቸው። ቀሪዎቹ ኖታዎች በመሳብ ይገኛሉ። በሠሪዎቹ ልብ የነበረው የአገራቸው የሕዝብ ዘፈንና ጭፈራ ነው፤ ለዚያ ይበቃል። ዜማው በመንፋት ይነሳል፣ በመንፋት ያርፋል። ለሌላ ሙዚቃ ግን ጎዶሎ ነው። በታችኛው ኦክታቭ ኤፍ እና ኤ የሉም፣ በላይኛው ቢ የለም፤ የፒያኖ ጥቁር ቁልፎች የሚሰጧቸው ድምፆችማ ጨርሶ አልተቀመጡለትም።

የአሜሪካ ደቡብ ጥቁር ተጫዋቾች ይህን በርካሽ የሚገዛ፣ ኪስ የሚገባ ዕቃ ሲይዙ ሠሪው ያላሰበውን አደረጉበት። በሲ የተቃኘውን ሃርሞኒካ ይዘው በጂ ተጫወቱበት። ተጫዋቾች ክሮስ ሃርፕ የሚሉት ይህ ስልት በ1920ዎቹ ሸክላዎች ላይ ተደላድሎ ይሰማል። ከ1ኛው እስከ 4ኛው ያሉትን ቀዳዳዎች ብትስቡ የሚወጣው የጂ ኮርድ ስለሆነ፣ የዜማው ማረፊያ ከመንፋት ወደ መሳብ ዞረ ማለት ነው። ለውጡ ትንሽ ይመስላል፤ ግን በታችኞቹ ቀዳዳዎች ድምፅን ወደ ታች መጎተት፣ እኛ ቤንድ የምንለው፣ የሚቻለው በመሳብ ነው። 3ኛውን ቀዳዳ ብቻ እንውሰድ። ሲሳብ ቢ፣ ሲነፋ ጂ ነው። ተጫዋቹ አየር እየሳበ ምላሱን ወደ ኋላ ሲሰበስብና የአፉን ውስጥ ሲያሰፋ የቢው ሪድ ኃይሉን ይለቅና የጂው ሪድ ሥራውን ይረከበዋል፤ ድምፁም በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ደረጃ በደረጃ ይወርዳል፤ ቢ ፍላት፣ ከዚያ ኤ፣ ከዚያ ኤ ፍላት። ለአንድ ድምፅ የተሠራው ትንፋሽ አራት ሰጠ። ከአራቱ በላይ ደግሞ በቢ እና በቢ ፍላት መካከል ያለው፣ ፒያኖ ሊመታው የማይችለው የብሉዝ ሦስተኛ ድምፅ አለ። ይህ ድምፅ የሚቀመጥበትን ቦታ የሚያሳይ ቁልፍም ምልክትም የለውም፤ የሚያገኙት ጆሮና ጉሮሮ ብቻ ናቸው። በኖታ ወረቀት ላይ የሚጻፈው ቢ ወይም ቢ ፍላት ነው፤ ሊትል ዋልተር የሚያርፍበት ግን ከሁለቱም ላይ አይደለም። ያንን ለማወቅ ሸክላውን ከመስማት ሌላ መንገድ አላውቅም።

አተነፋፈሱ ለምን የብሉዝ አካል እንደሆነ በደንብ የሚታየው ተጫዋቹ ራሱ ዘፋኝ ሲሆን ነው። በ1914 ቴነሲ የተወለደው ጆን ሊ ዊሊያምሰን በ1937 በኢሊኖይዋ ኦሮራ ለሸክላ ኩባንያው ብሉበርድ “ጉድ ሞርኒንግ ስኩል ገርል” የተባለውን ዘፈን ሲቀዳ የሆነውን አስተውሉ። ሰው የሚዘፍነው አየር እያወጣ ነው፤ ስንኙ ሲያልቅ ሳንባው ጎድሏል፣ መሳብ ግድ ይሆንበታል። በመንፋት የሚያርፍ ሃርሞኒካ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ተንፍሶ፣ ከዚያ ነፍቶ ነበር መልስ የሚሰጠው፤ በመካከል ክፍተት ይፈጠር ነበር። በክሮስ ሃርፕ ግን መተንፈሱ ራሱ መልሱ ነው። ቃሉ ይወጣል፣ አየሩ ተመልሶ ሲገባ ሃርሞኒካው ይናገራል፣ በዚያው ትንፋሽ ሳንባው ለሚቀጥለው ስንኝ ይሞላል። የብሉዝ ጥሪና ምላሽ በአንድ ሰው ደረት ውስጥ ተጠናቀቀ። ዊሊያምሰን ይህንን አጥብቆ ሠርቶበት ሃርሞኒካን ከአጃቢነት አውጥቶ ከዘፋኙ እኩል የሚናገር ድምፅ አደረገው። በ1948 ቺካጎ ውስጥ በ34 ዓመቱ ሲገደል ከተማዋ በእሱ መንገድ በሚጫወቱ ወጣቶች ተሞልታ ነበር። አንድ ተማሪ የእሱን አንድም ዜማ ሳያውቅ በክሮስ ሃርፕ እየዘፈነ ቢጫወት ያው የእሱን ትንፋሽ እየተነፈሰ ነው። ተጽዕኖ ስል ይህን ማለቴ ነው።

እዚህ ላይ በቅድሚያ የሚነሳው ተቃውሞ ስለ ኤሌክትሪክ ነው። የ1950ዎቹ የቺካጎ ድምፅ የማይክሮፎንና የአምፕሊፋየር ሥራ እንጂ የትንፋሽ አይደለም የሚሉ አሉ። ክርክሩ መሠረት የለውም ማለት አልችልም። በ1930 በሉዊዚያና ማርክስቪል የተወለደው ሊትል ዋልተር፣ ማይክሮፎኑን ከሃርሞኒካው ጋር በመዳፎቹ አፍኖ ይዞ አምፕሊፋየሩን እስኪሻክር ድረስ ሲገፋው ከዚያ በፊት ያልተሰማ ድምፅ ወጣ። በግንቦት 1952 የቀዳው “ጁክ” ያለ አንዲት ቃል፣ በሃርሞኒካ መሪነት፣ በአር ኤንድ ቢ ሰንጠረዥ ላይ ለ8 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ነገር ግን ማይክሮፎኑና አምፕሊፋየሩ በገበያ የሚገኙ ነበሩ፤ በማንኛውም ተጫዋች እጅ ግን ያን ድምፅ አልሰጡም። በመዳፍ የታፈነ ማይክሮፎን የሚያጎላው ከአፍ የመጣለትን ነው። ከአፍ የመጣው ቀጭን ከሆነ ወፍራም ሆኖ አይወጣም፤ ጩኸቱ ብቻ ነው የሚጨምረው። ሊትል ዋልተር ከንፈሩን ከፍቶ ብዙ ቀዳዳ ይሸፍንና የማይፈልጋቸውን በምላሱ ይዘጋል፤ ምላሱን ሲያነሳ ኮርዱ ይገባል፣ ሲመልስ ዜማው ብቻ ይቀራል። “ጁክ” ውስጥ እንደ ብራስ ባንድ የሚሰማው ውፍረት ከዚህ ምላስ ነው የመጣው። ማስረጃ ካስፈለገ ደግሞ ቢግ ዋልተር ሆርተን አለ፤ በአምፕሊፋየርም ያለ አምፕሊፋየርም ቢጫወት በመጀመሪያው ኖታ ይታወቃል። ሰኒ ቴሪም በ1938 በኒውዮርኩ ካርኔጊ ሆል መድረክ ላይ ሲቆም የያዘው ትንፋሹን፣ መዳፎቹንና ጉሮሮውን ነበር።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ስለ መኮረጅ የሚነሳው ነው። ሁሉም ከአንድ ምንጭ ከቀዳ ሁሉም አንድ ዓይነት አይሆንም ወይ? የሊትል ዋልተርን ሐረጎች ኖታ በኖታ የሚደግሙ፣ ከዚያ ወዲያ የራሳቸው የሚሉት የሌላቸው ተጫዋቾች አሉ፤ ይህ ድካም መሆኑን አልክድም። ግን ጥፋቱ የመቅዳት ሳይሆን ቀድቶ የመቆም ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ፣ ተቀብሎ፣ አገባቡን መርምሮ ነው ወደ ራሱ ዘረፋ የሚሄደው፤ የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ግን ነውር ነው። የብሉዝ ሃርሞኒካ ታሪክም በዚሁ ሥርዓት የሄደ ነው። ኮተን በሚሲሲፒ ልጅ ሳለ፣ ከ1941 ጀምሮ ከአርካንሳዋ ሄለና በኬኤፍኤፍኤ ይተላለፍ በነበረው “ኪንግ ቢስኪት ታይም” የሁለተኛውን ሰኒ ቦይ፣ የራይስ ሚለርን፣ ሃርሞኒካ ሰማ፤ ኋላም ሰውየው ዘንድ ሄዶ አብሮት እየኖረ ተማረ። በ1954 ከብሉዝ ዘፋኙ መዲ ዋተርስ ባንድ ሲገባ ደግሞ ከእሱ በፊት ሊትል ዋልተር የተጫወተውን መጫወት ነበረበት። ሁለት ግዙፍ ሰዎችን በላዩ ተሸክሞ የወጣው ኮተን ግን አንዳቸውንም አይመስልም፤ ጉልበቱና ፍጥነቱ የራሱ ነው። ሊትል ዋልተር ራሱም ቢሆን ከጆን ሊ ዊሊያምሰን ጀመረ፣ ከዚያ የሉዊስ ጆርዳንን ሳክስፎን አዳምጦ ሃርሞኒካ የማያውቀውን ሐረግ ወደ ሃርሞኒካ አመጣ። የቀዳው እስትንፋሱን ነበር፤ በዚያ እስትንፋስ የተናገረው ግን ሌላ ነገር ነው።

መሣሪያው ዛሬ ከእነሱ አልፏል የሚል ክርክርም አለ። ሃዋርድ ሌቪ በ1970 ገደማ ኦቨርብሎው የሚባለውን ዘዴ አግኝቶ በዚያችው ባለ 10 ቀዳዳ ሃርሞኒካ 12ቱንም ድምፆች መጫወት እንደሚቻል አሳየ። ሥራው ታላቅ ነው፤ ጃዝ ለሚጫወት ሰው በር ከፍቷል። ይሁንና ኦቨርብሎው ምንድን ነው? በአንድ ቀዳዳ ውስጥ ያሉትን ሁለት ሪዶች በአፍ ቅርጽ እያዘዙ አንዱን ዝም አሰኝቶ ሌላውን ማናገር ነው። ከቤንድ የተለየ እናት የለውም፤ ቤንድ ያላወቀ ጉሮሮ ኦቨርብሎውን አያገኘውም። ደግሞም ሁሉንም ኖታ ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ የትኛውን መተው እንደሚገባ ማወቅ ሌላ። የሁለተኛውን ሰኒ ቦይ “ሄልፕ ሚ” አዳምጡ፤ በ1963 የተቀዳ ነው። የተጠቀመባቸው ኖታዎች ጥቂት ናቸው፣ ጀማሪ በአንድ ቀን ይቆጥራቸዋል። ድምፁ ይመጣል፣ መዳፎቹ ተከፍተው ሲዘጉ ይንቀጠቀጣል፣ ከምቱ ትንሽ ዘግየት ብሎ ይገባል፣ ከዚያ ቦታውን ለኦርጋኑና ለጊታሩ ይለቃል። ከቀዳዳዎቹ ብዛት ያልመጣ ክብደት አለው። ብዙ ኖታ መጫወት የሚችል ሰው ይህንን ለመጫወት ሲሞክር የሚቸገረው ጣቱ ወይም ምላሱ አይደለም፤ ትንፋሹን መያዝ ነው የሚያቅተው።

አንድ የማልክደው ነገር አለ። ጥንታውያን የምንላቸው ሰዎች የተመረጡት በሸክላ ኩባንያዎች ነው። ብሉበርድና ቼስ የቀዱት ቀረ፤ በየመንገዱና በየጭፈራ ቤቱ ሲጫወት ኖሮ ያልተቀዳው ከእነ ትንፋሹ ሄደ። የተቀዳውም ቢሆን እኩል አልተከበረም። የባሪያ የልጅ ልጅ የነበረው ዴፎርድ ቤይሊ በናሽቪሉ ግራንድ ኦል ኦፕሪ የሬዲዮ ዝግጅት ከቀዳሚዎቹ ኮከቦች አንዱ ነበር፤ በ1941 ተባረረና ጫማ እያስዋበ ኖረ። ስለዚህ ትውፊቱ የአምስት ወይም የስድስት ሰው ፈጠራ ነው ብሎ ማስተማር ስህተት ይመስለኛል፤ እነሱ የአንድ ሰፊ ሕዝብ ትንፋሽ የተያዘባቸው ሸክላዎች ናቸው። ይህ ግን ተጽዕኗቸውን አያሳንሰውም፤ ተማሪው ከሊትል ዋልተር ወደ ኋላ እንዲሄድ ነው የሚያስገድደው። ቤይሊ በ1927 የቀዳው “ፓን አሜሪካን ብሉዝ” ባቡር ነው፤ ከጣቢያ ይነሳል፣ ያፏጫል፣ ይፈጥናል፣ ይርቃል። ያን ሁሉ የሚሠራው በሁለትና በሦስት ቀዳዳ ኮርዶች፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥና ወደ ውጪ በእኩል እየመታ ነው፤ የአየር እጥረት የለበትም፣ ምክንያቱም መተንፈሻውና ምቱ አንድ ናቸው። የቺካጎው ሃርሞኒካ የሚወዛወዘው በዚህ ምት ላይ ተቀምጦ ነው። ነጠላ ኖታና ቤንድ ብቻ እያሳደደ ይህን የኮርድ ልምምድ የሚዘል ተማሪ “ጁክ”ን ኖታ በኖታ ቢያውቀው እንኳ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አየር ያጥረዋል። እኔ ለጀማሪ የምሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ስለዚህ ቤንድ አይደለም፤ የቤይሊ ባቡር ነው፣ በዝግታ፣ ያለ ምንም ዜማ፣ ከ1ኛው እስከ 4ኛው ቀዳዳ።