ቡዳ ከየትኛው ወገን ይመደብ?

እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ የታተመው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የሚና ጨዋታ ነው፤ ተጫዋቾች ዳይስ እየጣሉ አንድን ገጸ ባሕርይ ሆነው ይጫወታሉ። የ2014ቱ ደንብ ፍጡራንን ሁሉ በ14 ዓይነት ይመድባል፤ ሰብዓዊ፣ ሙት፣ ሰው ሠራሽ፣ «ፌይ» የሚባለው የረቂቃን ወገን እና ሌሎችም። የራሱን ወገን የሚፈጥር ተጫዋች ለጉልበትና ለክንፍ ዋጋ ሲተምን፣ ዓይነቱን ግን ብዙ ጊዜ ሳይተምነው ያልፋል።

ዋጋው በድግምቶቹ ውስጥ ይታያል። ሰብዓዊውን ብቻ የሚይዘው አፍዝ አደንግዝ 2ኛ እርከን ላይ ሲሆን ሌላውንም ፍጡር የሚይዘው 5ኛ ነው። መስተፋቅሩ 1ኛና 4ኛ፣ ፈቃድን የሚገዛው ድግምት ደግሞ 5ኛና 8ኛ ነው። ልዩነቱ በሦስቱም ሦስት እርከን ነውና፣ ከሰብዓዊ ወገን መውጣት ትልቅ ትርፍ ነው። ዕዳም አለው፦ በዚያው ደንብ የተለመደው የቁስል ፈውስ ለሙትና ለሰው ሠራሽ አይሠራም። በ2022 የወጣው ሰው ሠራሽ ወገን፣ አውቶኖም፣ ፈውሱ እንዲሠራለት የተለየ አንቀጽ ተጻፈለት። ዋናው ዕዳ ተነሥቶ ትርፉ ቀረለት፤ ይህ ሚዛን አይደለም።

ከአይከል እስከ ጎንደር ያለው ደጋ፣ ቅማንት፣ አማራና ቤተ እስራኤል ተጎራብተው የኖሩበት አገር፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ፈጠራ የበለጸገ ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ተቀምጦ ያጠናው ዛር በሚታወቅ ትረካ የሔዋን ልጅ ነው፤ ከሠላሳ ልጆቿ አሥራ አምስቱን ከፈጣሪ ደበቀች፣ የተደበቁትም በዚያው ተሰውረው ቀሩ። ለዛር የፌይ ዓይነት ይስማማዋል። አፍዝ አደንግዙን በርካሽ ያመልጣል፤ በምላሹ ከፌይ፣ ከሙታንና ከመሰሎቻቸው የሚጠብቀው የ1ኛ እርከን ድግምት ያግደዋል።

ቡዳ ግን ሌላ ነው። ቀን ባለእጅ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል የተባለውን ፍጡር ከሰብዓዊ ወገን ማውጣት ለፈጣሪው ቀላል ይመስላል። ይሁንና ስሙ የተለጠፈው በእውነተኛ ሰዎች ላይ ነበር፤ ማረሻውን በቀጠቀጡ፣ እንስራውን በሠሩ፣ በተለይም በቤተ እስራኤል ላይ። ሐጋር ሳላሞን በ1999 ስለ እነርሱ ያሳተመችው መጽሐፍ ርእሱን የወሰደው ከዚሁ የጅብነት ክስ ነው። ጎረቤቱ ማረሻ የሚያሠራውን ሰው ከሰው ቁጥር ያወጣው ያ ክስ ነው፤ የጨዋታ ደንብ ይህን ፍርድ ሊደግመው አይገባም።

ደንቡም መንገድ አለው። በ2014ቱ የጭራቆች መጽሐፍ ሰው-ተኩላ እንኳ ሰብዓዊ ነው፤ የሚከፈልበት የመልክ ለውጡ ነው። ለቡዳም እንዲሁ ይሁን። የጅብ መልኩ ለሌሊት ብቻ ተወስኖ በውድ ይተመን። ተበላ የተባለውን ሰው አጭሶ የማስለፍለፉ ልማድም ወደ ድክመት ይለወጥ፤ ጭሱ ሲነካው ወደ ሰውነቱ ይመለስ። አፍዝ አደንግዙም እንደ ማንኛውም ሰው በ2ኛ እርከን ያግኘው።