ስልኩ የሚጮኸው ለማን ነው? — ስለ «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» ፊልም

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ስምንት ሆነን በአንዲት ላፕቶፕ ዙሪያ ተኮልኩለን፣ በ2018 የወጣውን «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» አየን። (ዘመኑ፣ ካልገለጽን በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ፊልሙ ኩዊን የተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ከምሥረታው እስከ 1985 የተጓዘውን መንገድ፣ ይልቁንም የዘፋኙን የፍሬዲ መርኩሪን ሕይወት ይተርካል። ሲያልቅ ግማሾቻችን አጨበጨብን። አንድ የወሎ ልጅ ግን ዝም ብሎ ቆየና፣ «ለመሆኑ ያ ሁሉ ስልክ የሚጮኸው ለማን ነው?» አለ። ይህች ሂስ ከዚያች ጥያቄ ተወለደች።

በቅድሚያ ለፊልሙ የሚገባውን እንስጠው። ራሚ ማሌክ በዚህ ሥራው የ2019ን የምርጥ ተዋናይ ኦስካር ማግኘቱ አይደንቀንም። አንገቱን ሲሰብቅ፣ የጎሉ ጥርሶቹን በከንፈሩ ሲከልል፣ መድረክ ላይ ደግሞ ዓይናፋርነቱ እንደ ካባ ወልቆ ሲወድቅ፣ የምናየው የተኮረጀ ሰው ሳይሆን የሚኖር ሰው ነው። በ1946 ዛንዚባር የተወለደው የፓርሲ ልጅ ፋሩክ ቡልሳራ፣ የአባቱን ስም ጥሎ ሌላ ስም ሲያወጣ የአባትየው ፊት የሚያሳየው ቅሬታ ከብዙ ንግግር ይበልጣል። ባንዱ ገጠር ገብቶ ስድስት ደቂቃ የሚጠጋውን የ1975 ዘፈን ሲቀርጽ ያለው ትዕይንትም ሥራ እንዴት እንደሚሠራ፣ እንዴትስ እንደሚያታክት ያሳያል።

ታዲያ ጣጣው የት ላይ ነው? ጣጣው ሴራው ላይ ነው። ፊልሙ ፍሬዲ ለብቻው አልበም ለመሥራት ጓደኞቹን ከዳ፣ ባንዱም ፈረሰ፣ በመጨረሻ ይቅርታ ጠይቆ ለላይቭ ኤይድ ተመለሰ ይለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አልነበረም። ከበሮ መቺው ሮጀር ቴይለር የራሱን አልበም ያወጣው በ1981፣ ፍሬዲ ገና ሳያስበው ነው። ጊታሪስቱ ብራያን ሜይም በ1983 የራሱን ሠርቷል። ባንዱ በ1984 አዲስ አልበም አውጥቶ፣ እስከ ግንቦት 1985 ድረስ አገር ላገር ሲዞር ነበር። ከላይቭ ኤይድ በፊት የነበረው ዕረፍት ሁለት ወር ብቻ ነው። ሁለቱ ጓደኞቹ ያደረጉት ነገር በእሱ ላይ ብቻ ለምን ክህደት ሆነ? ሜይና ቴይለር በፊልሙ ሥራ ተሳትፈዋል፤ መልስ መስጠት የማይችለው ደግሞ በኅዳር 1991 ያረፈው ፍሬዲ ነው። ሙት ወቃሽ አያድርገን ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ፊልም ግን ሙቱን ወቅሶ ቋሚዎቹን ነጻ ያወጣል።

ከዚህም የሚከፋ አለ። ፊልሙ ፍሬዲ በኤድስ መያዙን ከላይቭ ኤይድ በፊት አውቆ ለጓደኞቹ እንደተናገረ ያሳያል። እስከ መጨረሻው አብሮት የኖረው ጂም ሃተን ግን ፍሬዲ ምርመራው የተነገረው በ1987 እንደሆነ ጽፏል። «ድራማ ነው፣ ሁለት ዓመት ቢዛነፍ ምን አለበት?» ያለን ጓደኛ ነበር። እኛ ግን አለበት እንላለን። በሽታው ከጓደኞቹ በተለየበት ወራት ማግሥት ሲመጣ፣ ተመልካቹ ሳይታወቀው በሽታን የኃጢአት ደመወዝ አድርጎ ይቀበላል። በዚህ በሽታ ዘመድ የቀበርን ልጆች ይህን አስተሳሰብ ከለቅሶ ቤት ሹክሹክታ እናውቀዋለን። ከሲኒማ ልንማረው አንሻም።

አሁን ወደ ወሎው ልጅ ጥያቄ እንመለስ። በጥቅምት 1984 ማይክል በርክና ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ከኮረም የላኩት ዘገባ በቢቢሲ ታየ። ይህ የእኛው የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ነው። ቦብ ጌልዶፍ ዘገባውን አይቶ ዘፋኞችን አሰባሰበ፣ ሐምሌ 13 ቀን 1985 ላይቭ ኤይድ ተደረገ፣ ኩዊንም ዌምብሌይ ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ተጫወተ። ፊልሙ የሚጀምረውም የሚያልቀውም እዚያው መድረክ ላይ ነው። ፍሬዲ ሲዘፍን የእርዳታ መቀበያው ስልክ ይንጫጫል። ስልኩ የሚጮኸው ለኮረም ነው ብለን ስንጠብቅ፣ ካሜራው ደጋግሞ የሚነግረን ስልኩ የሚጮኸው ለፍሬዲ መሆኑን ነው። የአንድ አገር ረሃብ ለአንድ ባንድ እርቅ ማድመቂያ ሆነ ማለት ነው!

በዚያው ጥቅምት 1984፣ ማለትም ከላይቭ ኤይድ ዘጠኝ ወር በፊት፣ ኩዊን የተባበሩት መንግሥታትን የባህል ማዕቀብ ጥሶ በአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ፣ ሰን ሲቲ ላይ ዘፍኖ ነበር። ፊልሙ ስለዚህ አንድ ቃል አይተነፍስም። እውነተኛ ድራማ የሚፈልግ ደራሲ ከዚህ የበለጠ ምን ይሻል? በአንድ ዓመት ውስጥ ለአፓርታይድ መዝናኛም ለተራበውም የዘፈነ ባንድ! ይህን ቢያነሱት ኖሮ የፈጠራ ክህደት መፈለግ ባላስፈለጋቸው።

አንዲት ጓደኛችን፣ «ዘፈኑ አላስለቀሳችሁም?» ብላ ጠየቀችን። እንዴታ፣ አስለቅሶናል። ያለቀስነው ግን ለድምፁ ነው፤ ድምፁም በአብዛኛው የራሱ የፍሬዲ ነው። ያን ድምፅ ለመውደድ ውሸት አያስፈልገንም ነበር። ፊልሙን እዩት፣ መታየት ይገባዋል። ስልኩ ሲጮኽ ግን የወሎውን ልጅ ጥያቄ አስታውሱ። እሱ ጥያቄውን የጠየቀው ከእናቱ የሰማውን ይዞ ነው፤ እናቱ በዚያ ዓመት ኮረም ነበረች።