የካንዴላው ቀለም

ሚዛን ተፈሪ ላይ ቱርቦ ብርቅ አይደለም። ግን ቡና የሚጭነው አይሱዙም፣ ወደ ማጂ የሚወጣው ላንድክሩዘርም ናፍጣ ነው፤ ናፍጣ በታመቀ አየር ሙቀት ስለሚቀጣጠል ካንዴላ አያውቅም። አንድ ወጣት ቱርቦ ያስገጠመላትን የቤንዚን ኮሮላ ከአዲስ አበባ ይዞ ሲመጣ የጋራዡ ሥራ ሁሉ ቆመ።

«ጋሼ፣ ሸገር ላይ ምንም አልነበራትም። እዚህ ዳገት ላይ ስረግጣት ታንኳኳለች።»

ሽማግሌው መካኒክ መልስ አልሰጡም። ካንዴላው የሚታሰርበት የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ አልሙኒየም ነውና ጥርሱ እንዳይበላ ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቁ። ከዚያ አራቱን ካንዴላዎች ፈትተው በየተራቸው ንጹሕ ጨርቅ ላይ ደረደሯቸው። ተራው ከተዛባ የትኛው ፒስቶን እንደተጎዳ ማን ያውቃል?

ደኅና የሠራ ካንዴላ አፍንጫው ላይ ገና መቆላት የጀመረ ቡና ቀለም ይይዛል፤ አረንጓዴነቱ ለቆት ፈዘዝ ያለ ቡኒ። የእነዚህ ግን እንደ ኖራ ነጭ ነበር። ሦስተኛው ላይ ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሱ የሚያብለጨልጩ ነጠብጣቦች አየሁ፤ ከፒስቶኑ የተላጠ አልሙኒየም ነው።

የካንዴላ «ሙቅ» እና «ቀዝቃዛ» መባል ከእሳቱ ብርታት ጋር አይገናኝም። ነጩ ሸክላ ረጅም ከሆነ ሙቀቱ ወደ ቴስታታው ለመድረስ ብዙ ይጓዛል፣ ካንዴላውም ይግላል፤ አጭር ከሆነ ቶሎ ይበርዳል። ከ450 ዲግሪ በታች ጥቀርሻውን አያቃጥልም፤ ከ850 ካለፈ ደግሞ ብልጭታ ሳይጠብቅ ራሱ ያቀጣጥላል። በዚህ መሀል የሚያቆመው የጥቂት ሚሊ ሜትር የሸክላ ልዩነት ነው። እኔ ከመኪናው ሁሉ ይህን አደንቃለሁ።

ሸገር ላይስ ለምን ዝም አለች? አየሩ ስስ ስለሆነ። ቱርቦው በሞላ የሚወሰንለትን ያንኑ ግፊት በሁለቱም ቦታ ይጨምራል፤ ወደ 1,400 ሜትር ዝቅ በሚለው ሚዛን ግን የሚነሣው ከወፈረ አየር ነው፤ 0.8 ባር የምትጨምር ሞተር ውስጥ ድምሩ በ6 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ጫፍ ላይ ለነበረች መኪና ይህ በቂ ነው።

የገባው ካንዴላ ኤንጂኬ የሚባለው ፋብሪካ 6 ቁጥር ነበር። በኤንጂኬና በዴንሶ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ይቀዘቅዛል፤ ቦሽ ተቃራኒ ነው፣ ስንቱን አሳስቷል። ልጁ ከኮፈን ሥር 7 እና 8 አውጥቶ 8ቱን አቀበላቸው።

«ስምንቱ ገበያ ቀን ከባጃጅ ኋላ ስታዘግም ጥቀርሻ ይይዝብሃል፣ ልጄ። ሰባቱን አምጣ። ቤንዚኑ ካነሳት ግን ካንዴላ አያድናትም፤ እስክትታይ የቱርቦውን ግፊት ዝቅ አድርግ።»

የታመቀ አየር ብልጭታውን እንዳያጠፋው ክፍተቱን ወደ 0.7 ሚሊ ሜትር አጠበቡ፤ መዶሻ ሳይነኩ፣ በቀጭን የብረት መለኪያ እየለኩ። ከዚያ እያንዳንዱን በጣታቸው ብቻ አዞሩት። ሲቀመጥ ቁልፉን አነሱ፣ ግማሽ ዙር ሰጡትና ወደሚቀጥለው አለፉ።