«ጥሩ ነው» ሂስ አይደለም

በማሠልጠኛ ተቋማችን እጩ መምህራን ያነሷቸውን ፎቶግራፎች እርስ በርሳቸው ሲገመግሙ ብዙ ጊዜ የምንሰማው «ጥሩ ነው» የሚለውን ቃል ነው። ይህ ይሉኝታ እንጂ ሂስ አይደለም፤ ባለፎቶግራፉ በሚቀጥለው ጊዜ ምን ማሻሻል እንዳለበት አይነግረውምና። ነገ የልጆችን ድርሰት የሚያርሙት ደግሞ እነዚሁ ናቸው።

በአንጻሩ ሕግ እየቆጠሩ መውቀስም ሐቀኝነት አይባልም። ፈረንሳዊው አንሪ ካርቲዬ ብሬሶን እ.ኤ.አ. በ1932 በኢየር ከተማ ከደረጃ ላይ ሆኖ ቁልቁል ያነሣውን ፎቶግራፍ እንመልከት። ደረጃው ተጠማዞ ይወርዳል፤ ከታች በመንገዱ የሚያልፈው ብስክሌተኛ ደብዝዟል። ሕግ ብቻ የሚያውቅ ሐያሲ «ደብዛዛ ነው» ብሎ ይጥለዋል። ነገር ግን ፍጥነቱን ያሳየን ደረጃው ጸንቶ ቆሞ ሳለ የሰውየው መደብዘዝ ነው። ብስክሌተኛው ጥርት ብሎ ቢታይ ኖሮ የቆመ ይመስል ነበር። በአንጻሩ ያው ድብዝዝ ማለት በአንድ ሰው የፊት ፎቶግራፍ ላይ ዓይኑን ከሸፈነው ጉድለት ነው፤ ይህንንም ሳይሸፋፍኑ መናገር ይገባል።

ስለዚህ ሠልጣኞቻችን አስተያየታቸውን ፎቶግራፉ ላይ በጣት እያመለከቱ እንዲሰጡ እናደርጋለን። ዓይንህ መጀመሪያ የት ዐረፈ? ከዚያስ ምን አወከው? ባለፎቶግራፉም ጓደኞቹ ተናግረው እስኪጨርሱ ዝም ብሎ እንዲያዳምጥ እንጠይቀዋለን። የሚከብደው ይኸኛው ነው፤ ገና አንዱ አፉን ሲከፍት «መሽቶብኝ እኮ ነው»፣ «ሰው ገፍቶኝ ነው» ይጀመራል። ሰበቡ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ተመልካቹ ግን የሚያየው ፎቶግራፉን ብቻ ነው።