ስለ ጽድቅ በእምነትና ስለ ምእመናን ማዕድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት (3፥28) ሰው የሚጸድቀው በእምነት እንጂ በሕግ ሥራ እንዳይደለ ያስተምራል። ቅዱስ ያዕቆብ ደግሞ በመልእክቱ (2፥24) ጽድቅ በእምነት ብቻ እንዳይደለ ይናገራል። ሁለቱም ምስክር አድርገው የሚያቆሙት አንዱን አብርሃምን ነው። ስለዚህ ከመምህራን ወገን አንዳንዱ ጳውሎስን ይዞ ያዕቆብን ዝም ያሰኛል፤ አንዳንዱም ያዕቆብን ይዞ ጳውሎስን ይሸሽጋል። ይህም ክርክር በመጻሕፍት ቤት ብቻ የሚቀር አይደለም። ከሆሳዕና ወደ ዶዮገና በሚወስደው ደጋ፣ በእንሰት ተክል መካከል በሚኖረው የከምባታና የሐዲያ ሕዝብ ዘንድ፣ ማን ከማን ጋራ ይበላል እስከሚለው ነገር ድረስ የደረሰ ነው። እንግዲህ ትርጓሜውን አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

የሐዋርያትን ነገር የሚያስታርቀው የኦሪት ዘፍጥረት ቅደም ተከተል ነው። አብርሃም እግዚአብሔርን ማመኑ ጽድቅ ሆኖ የተቈጠረለት በምዕራፍ 15 ነው፤ ግዝረትን የተቀበለው በምዕራፍ 17 ነው፤ ይስሐቅን ለመሥዋዕት ያቀረበው በምዕራፍ 22 ነው። ሕገ ኦሪትም፣ ሐዋርያው ለገላትያ ሰዎች እንደ ቈጠረው (3፥17)፣ ከተስፋው ቃል 430 ዓመት ዘግይቶ መጣ። ጳውሎስ አብርሃምን በምዕራፍ 15 ሳለ ያየዋል፤ ገና ምልክትም ሥራም ሳይኖረው ጻድቅ ተባለ። ያዕቆብ ያንኑ ሰው በምዕራፍ 22 ሳለ ያየዋል፤ እምነቱ ሕያው እንደ ነበረ ተገለጠ። እንሰት የሚኖረው በሥሩ ነው፤ ሕያው መሆኑ ግን በቅጠሉ ይታወቃል። ቅጠል ሰብስቦ በደረቀ ግንድ ላይ ያሰረ ሰው እንሰት ተከለ አይባልም፤ ዓመት ቈይቶ ምንም ቅጠል ያላወጣውንም ተክል ባለቤቱ ሕያው ነው ብሎ አይጠብቀውም።

ከዚህ ቀጥሎ ሁለት የተለመዱ ትርጓሜዎች ይመዘናሉ። የመዠመሪያው፣ ጳውሎስ የነቀፈው ሕግ ግዝረትን፣ ሰንበትንና የመብልን ሥርዐት ብቻ ነው፤ በጎ ምግባር ግን ያጸድቃል የሚል ነው። ይህ ትርጓሜ እኩሌታው እውነት ነው፤ በገላትያ የተነሣው ጠብ ስለ ግዝረት ነበረና። ነገር ግን ጳውሎስ በሮሜ 7፥7 ሕግ ኃጢአትን እንደሚያሳውቅ ሲያስረዳ ምሳሌ ያደረገው የግዝረትን ትእዛዝ ሳይሆን የሰውን ገንዘብ መመኘትን የሚከለክለውን ቃል ነው። ይህም ከዐሠርቱ ቃላት አንዱ ነው። እንግዲህ ሰው ከሥርዐቱ ክፍል ቢያመልጥ በምግባሩ ክፍል ይያዛል፤ በሁለቱም የሚመካበት የለውም።

ሁለተኛው ትርጓሜ፣ ያመነ ሰው ከሕግ ነጻ ወጥቷልና እንደ ወደደ ይሁን የሚል ነው። ይህን ራሱ ጳውሎስ በሮሜ 6 ዘግቶታል። እምነት በከንፈር መመስከር ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ያዕቆብ እንደ ተናገረው፣ አጋንንትም ባመኑና በተንቀጠቀጡ ጊዜ ጻድቃን በተባሉ ነበር። የሚጠቅመው እምነት በፍቅር የሚሠራው እንደ ሆነ በገላትያ 5፥6 ተጽፏል። ፍቅርም ብቻውን የሚኖር አይደለም፤ የሚቀበለው ባልንጀራ ያስፈልገዋል።

በኢትዮጵያ ይህን ነገር በግልጥ ካስረዱት አንዱ ዐፄ ገላውዴዎስ ናቸው። ከእርሳቸው በፊት በ1450 (ይህም ሆነ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቀዳሚትም እሑድም እንዲከበሩ ወስኖ ነበር። ኋላም የሮማ መልክተኞች መጥተው ኢትዮጵያውያን የአይሁድን ሥርዐት ይጠብቃሉ ብለው በነቀፉ ጊዜ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1555 የሃይማኖት ምስክርነታቸውን በግዕዝ ጻፉ። ሰንበትን የምናከብረው እንደ አይሁድ ውሃ ባለመቅዳትና እሳት ባለማንደድ ሳይሆን፣ በዲድስቅልያ እንደ ታዘዘው ቊርባን በማቅረብ ነው አሉ። ግዝረትም የአገር ልማድ ነው እንጂ የጽድቅ መንገድ አይደለም፤ በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን እንደ መተልተል፣ በህንድም ጆሮን እንደ መብሳት ያለ ነው ብለው አስረዱ። የእሪያን ሥጋም የማይበላ አይገደድ፣ የሚበላም አይናቅ አሉ።

የዚህ መጽሐፍ ብርታቱ ታላቅ ነው። የአባቶችን ልማድ ሳያፈርስ የማዳንን ሥልጣን ከልማዱ ላይ አንሥቶ ለክርስቶስ ይመልሳል። ሆኖም መልሱ ለውጭ ነቃፊ የተሰጠ ነውና አንድ ጥያቄ ሳይነካ ይቀራል። ልማድ ነው የተባለው ነገር ሰውን ከሰው የሚለይ በሆነ ጊዜ፣ ስሙ ልማድ ቢሆንም ግብሩ ሕግ አይሆንምን?

ለዚህ ጥያቄ የሚመልሰው ገላትያ 2፥11-14 ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ በአንጾኪያ ሕግ ያጸድቃል ብሎ አላስተማረም፤ አንድም የስሕተት ቃል ከአፉ አልወጣም። ያደረገው ከአሕዛብ ወገን ካመኑት ማዕድ ተነሥቶ መለየት ብቻ ነው። ጳውሎስ ግን ይህን ጥቂት ነገር ብሎ አላለፈውም፤ ከወንጌል እውነት የሚያወጣ መሆኑን አይቶ በሁሉ ፊት ገሠጸው። በዚህ ስፍራ ከነገረ መለኮት ሊቃውንት ብዙዎቹ ፈጥነው ያልፋሉ፤ ስለ ሐዋርያው ክብር ይጨነቃሉና። የመልእክቱ ኀይል ግን በዚሁ ነው፤ በቃል የተሻረ ሕግ በማዕድ በኩል ይመለሳልና።

አሁን ወደ ከምባታና ወደ ሐዲያ እንመለስ። በሐዲያ ፋንዳኖ የሚባለው የቀድሞው ሃይማኖት የራሱ ጾም፣ ጸሎትና የመብል ክልከላ ነበረው። ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ከተማ በሆሳዕና በዓል ስም ስትጠራ የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት በአገሩ ቆሙ፤ በ20ኛው መቶ ዘመን የካፑቺን መነኮሳት በዋሰራ ተቀመጡ፤ በ1928 ከሐኪሙ ላምቢ ጋራ ወደ ደቡብ የወረዱት የሱዳን ኢንቲርየር ሚሲዮን ሰዎችም በሆሳዕና ሥራ ዠመሩ። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ጽድቅ በእምነት መሆኑን አጥብቀው ሰበኩ። ነገር ግን በተሰበሰበው ጉባኤ ፈጥኖ ሌላ መለያ ተተከለ፤ አረቄና ጠጅ የማይጠጣ፣ ትምባሆ የማያጨስ አማኝ ይባል ዠመር። ክልከላው ለብዙ ቤት ሰላምና ሀብት እንዳመጣ አይካድም። ጉዳቱ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው፤ የቀድሞውን ክልከላ ጥሎ የመጣ ሰው፣ የክርስትና ትርጓሜ አንዱን የክልከላ ዝርዝር በሌላ መለወጥ መሰለው። ይህ ፈተና የአንድ ማኅበር ብቻ አይደለም፤ በጾሙ የሚመካውም፣ ባለመጾሙ የሚመካውም አንድ ዕዳ አለባቸው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የሸክላ ሠሪውና የቆዳ ፋቂው ነገር ነው። ፉጋ ተብለው የተጠሩት፣ ስሙም ዛሬ እንደ ስድብ የሚቈጠረው፣ እነዚህ ሰዎች በአገሩ ልማድ የማይገባ ሥጋ ይበላሉ ተብለው ከማዕድ፣ ከዕቃና ከጋብቻ ተለይተው ኖሩ። ሴቲቱ የሠራችው ድስት በየቤቱ ገብቶ እሳት ላይ ይጣዳል፤ እርስዋ ግን በደጅ ትቀመጣለች። ለእርስዋ የሚሰጣት ቆጮ ለብቻው በቅጠል ይቀርብ ነበር። ይህን ያዘዘ የኦሪት ቃል የለም፤ የወንጌልም ቃል የለም። ቢሆንም ሰውን ንጹሕና ርኩስ ብሎ የሚከፍል ስለ ሆነ ከኦሪት ይልቅ የጠነከረ ሕግ ነው፤ ኦሪት ለርኩሱ የመንጻት ቀን ትሰጣለችና፣ ይህ ግን ለልጅ ልጅ ይወርሳል። ዛሬ ብዙው ተሻሽሏል፤ በጋብቻ ረገድ ግን ገና አልጠፋም።

ምናልባት፣ ሥርዐት ከሌለ አምልኮ ይበተናል የሚል ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፤ ጾምም፣ ቅዳሴም፣ ዝማሬም ያለ ሥርዐት አይቆምም። በ1534 ኢትዮጵያዊው ዲያቆን ሚካኤል ወደ ቪተንበርግ ሄዶ ከማርቲን ሉተር ጋራ ስለ ሃይማኖት ሲነጋገር፣ ሉተር የሥርዐት መለያየት የእምነትን አንድነት እንደማያፈርስ ጽፎ ሰጠው። ሮሜ 14ም የሚጾመውንና የሚበላውን እርስ በርስ እንዳይፈርዱ ይከለክላል። ሥርዐት ለአምልኮ አጥር ይሁን፤ አጥር የተክሉ ጠባቂ ነው እንጂ ተክሉን የሚያሳድግ አይደለም። ወንድምን በውጭ የሚያስቀር አጥር ግን ስፍራውን ስቶ ተተክሏል።

እንግዲህ በዶዮገና ቆሞ ይህን ምዕራፍ የሚተረጕም ካህን፣ ትርጓሜው የቀና መሆኑን በሁለት ነገር ይፈትነዋል። አንደኛ፣ ሰሚው ስለ ሠራው ሥራም ስለ ተወው ነገርም መመካቱን ቢተው ነው። ሁለተኛ፣ ከስብከቱ በኋላ በሚቀርበው ማዕድ ሸክላ ሠሪዋ ከባለርስቱ አጠገብ፣ ከአንድ ገበታ ብትቈርስ ነው። መኳንንትም ስፍራ ለመልቀቅ ቀዳሚዎች ይሁኑ፤ ሕዝቡ የሚያየው የእነርሱን እጅ ነውና። አብርሃም በእምነት የጸደቀው የብዙ አሕዛብ አባት ይሆን ዘንድ ነው፤ አባትም ልጆቹን በሁለት ገበታ አያበላም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።